ማሲንቆውን ቅቤ የቀባሁ ቀን

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ ቤዛ ማሲንቆውን ከግድግዳ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቆዳውን አሸተተችው። «እምዬ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል» አለችኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማሲንቆው ደብረ ማርቆስ ከገባን ጀምሮ እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ስንት ክረምት አሳልፏል። ጭራው ተበጣጥሶ አልቋል፣ እንጨቱ ጠቁሯል፣ ሽታው ግን አልወጣም። «የአሮጌ ቆዳ ጠባይ ነው» ብዬ አለፍኳት። ዋሸኋት።

ቤዛ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤታቸው የሙዚቃ ቡድን ሊያቋቁም ስለሆነ ለሚገቡት ተማሪዎች ዓርብ ፈተና አለ። በጓደኛዋ ማሲንቆ ስትለማመድ ከርማ ኖሮ አሁን የራሷን ፈለገች። አባቷ ደሳለኝ፣ አንድ ልጄ፣ ማታ ከሥራ ሲመጣ ማሲንቆውን ጭኗ ላይ አየው። ይቆጣታል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣትም። ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ጭራ በጣቱ ነካ አደረገና «ጭራ እኔ እፈልጋለሁ፤ ሙጫውን አያትሽ ከቁይ ታምጣልሽ፣ ከዘይነባ ሱቅ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የዘይነባን ስም ከአፉ የሰማሁት ስንት ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። የምጽፈውም እንደምናገረው ነው። ግን ሰኞ ማታ የዚያን ቅቤ ነገር ሳልጽፈው ብሞት ማንም እንደማያውቀው ታየኝና የቤዛን ደብተር ለመንኳት።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቁይ ነበር። ቁይ ዛሬ ሌላ ሆናለች፤ ያን ጊዜ ግን ገበያው እስኪቆም ጭር ያለች፣ ገበያ ሲቆም ደግሞ መተላለፊያ የማይገኝባት ከተማ ነበረች። እኔ ቅቤ ነጋዴ ነበርኩ። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ቅቤያቸውን በቅል ይዘው ከላይኛው መንገድ ሲወርዱ ቀድሜ ኩርባው ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ቅቤን በዓይን አይገዙትም። በስንጥር እስከ ታች ወግቼ አሸታለሁ፣ ትንሽ ቆንጥሬ በእጄ ጀርባ ላይ አሸዋለሁ፤ ድንች የተቀላቀለበት እንደሆነ ወዲያው ይታወቀኛል። «ጥሩዬ አትሸወድም» ይሉኝ ነበር። ለጋው በአምስት ብር ሲገኝ ተመስገን፣ በጾም ደግሞ የሚገዛው ጠፍቶ እንለምናለን። ዛሬ ያንን ዋጋ ለቤዛ ስነግራት ተረት ይመስላታል። እጄ ከቅቤ ተለይቶ አያውቅም። ሳሙና ቢፈጅበት፣ አመድ ቢፈጅበት ያው ነው፤ ሰላም ያልኩት ሰው ሁሉ እጁን ያሸታል።

ከእኔ መደብ ፊት ለፊት የዘይነባ ሱቅ ነበር። ስኳር በሲኒ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ክር፣ መርፌ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙና፣ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። እሷ የእስልምና ሰው ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በዓሏ ሲሆን ቅቤ እወስድላታለሁ፣ በዓሌ ሲሆን ስኳር ትልክልኛለች። ልጇ ኑሩ ከደሳለኝ ጋር አንድ ክፍል ነበር። ሁለቱም ካኪ ሱሪና የሸራ ጫማ ነበራቸው፤ ጫማውን ከትምህርት ቤት ጠመኔ እየሰረቁ ያነጡት ነበር። ከክፍል ሲወጡ ኑሩ ዋሽንቱን ከሱሪው ኪስ መዞ እየነፋ፣ የእኔው ደግሞ በአፉ ማሲንቆ እየሠራ፣ እየተጋፉ ኩርባውን ሲወርዱ ዘይነባ ከሱቋ በረንዳ «መጣ ሠርገኛው!» ትላለች። ከመጠጥ ቤቱ ቴፕ አዲስ ዘፈን የተሰማ እንደሆነ በማግስቱ ሁለቱ ችለውታል።

ማሲንቆው የአጎቴ ነበር። አጎቴ ሲሞት ደሳለኝ ለምኖ ወሰደው። እኔ ግን አልወደድኩለትም፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩበት። «ልጅሽ አዝማሪ ሊሆን ነው ወይ?» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። «አስቀምጠው! ምን ትገዘግዛለህ ቀኑን ሙሉ!» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ደጋኑን ደብቄበት ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ምን ጊዜ እንደሆነ ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋልና ስሙን አልጠራውም። ወጣት ወንዶች ይወሰዱ ነበር። ከገበያ ይወሰዳሉ፣ ከመንገድ ይወሰዳሉ። የደሳለኝን አባት «ለስድስት ወር ነው» ብለው ወስደውት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ደብዳቤም ካቋረጠ ቆይቷል። ደሳለኝ ዐሥራ ሰባት ሊሞላው ነበር፤ ቁመቱ ደግሞ ከዕድሜው ይቀድማል። ገበያ ላይ ቅቤ እየመዘንኩ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። መኪና ሲያጓራ ቅቤውን ጥዬ እነሣለሁ። ጠዋት ሲወጣ ቆጥሬ፣ ማታ ሲገባ ቆጥሬ፣ ሲተኛ ደግሞ ጫማውን አያለሁ፤ ጫማው ካለ እሱም አለ።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ሳለ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ሊያቋቁም ነው አሉ። እነሱን አይነኳቸውም፤ ለበዓል ስለሚፈለጉ ስማቸው ለብቻ ነው የሚያዘው።» ማን እንዳለው አልጠየቅሁም። እህሌን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። ደሳለኝ በረት ሲጠርግ አገኘሁት።

«ማሲንቆህን አምጣ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ እማዬ? ዛሬ አልነካሁትም እኮ!»

«አምጣና ተጫወት ነው የምልህ!»

«አሞሻል?» አለኝ፤ ግንባሬን ሁሉ ነካኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ያ ሆነ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳውን ከመስጠቴ በፊት ማሲንቆውን አቀብለዋለሁ። «ያችን ድገማት»፣ «እዚያ ጋ ተሰብሮብሃል»፣ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» እያልኩ። ምን አውቃለሁ? ምንም አላውቅም። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። «ጥሩ ራሷ አዝማሪ ሆነች!» አሉ። ይሳቁ። ልጄ ግን እየጎበዘ ሄደ፤ አንዳንድ ቀን ሲጫወት ሚዛኔን አስቀምጬ አለቅስ ነበር፣ ከሙዚቃው ይሁን ከፍርሃቱ አላውቀውም። ሰባት ልጅ ተመርጦ አንድ ቦታ ብቻ እንደቀረ፣ ለዚያችም ቦታ ደሳለኝና ኑሩ ብቻ እንደሚፈተኑ የነገረኝ እሱ ነው። «ኑሩ ዋሽንት፣ እኔ ማሲንቆ። መምህሩ ማሲንቆ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልምጣ። ወሩ ጥር ነበር፣ ያ ደረቅ ነፋስ የሚነፍስበት። ጥሩ ለጋ ቅቤ አስቀምጬለት ነበር፤ ልጅ ለትልቅ ነገር ሲሄድ እናት አናቱን ቀብታ መርቃ ነው የምትሸኘው፣ እኔም እናቴ እንዲሁ አድርጋልኛለች። ቅቤውን በመዳፌ አሙቄ ስጠጋው ዘሎ ተነሣ። «እማዬ በሞቴ! አናቴ ላይ ቅቤ አድርጌ ልግባ? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ቅቤ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ማሲንቆው መደብ ላይ ተጋድሟል። ቆዳውን ሳየው በነፋሱ ደርቆ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ደርሷል። ቆዳ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ የማላውቅ ሴት አይደለሁም፤ ስልቻውንም ጠፍሩንም አገልግሉንም ስቀባ ነው ያደግሁት። ቀባሁት። ቀስ አድርጌ፣ እስኪጠጣው፣ «ክፉ አይይህ፣ ከፊትህ የሚቆም አይኑር» እያልኩ። ከዚያ ጭራውን አየሁት። እሱም የደረቀ ጸጉር መሰለኝ። የልጄን አናት ያልነካው እጄ ጭራውን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው፣ የደጋኑንም ጭራ ዳበሰው። ሲያብረቀርቅ ደስ አለኝ። ጨርቅ አልብሼ ሰጠሁት።

የማሲንቆ ጭራ ቅቤ ከነካው እንደሚዳፈን፣ ድምፅ የሚያወጣው ሙጫ ተፈትጎበት ሲሻክር እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። አጎቴ ሲጫወት አይቻለሁ እንጂ ሲያሰናዳው አላየሁም።

ፈተናው በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እኔ ከመስኮቱ ውጭ ቆምኩ። መጀመሪያ ኑሩ ነፋ። ጥሩ ነፋ፣ ግን መሐል ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ መምህሩም ራሱን ነቀነቀ። እኔ በልቤ ተደሰትኩ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ከዚያ ደሳለኝ ተቀመጠ፣ ማሲንቆውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ደጋኑን ሳበው።

ምንም የለም። መልሶ ሳበው። ምንም። ነፋስ ሣር ላይ ሲያልፍ የሚሰማውን ያህል እንኳ የለም። ልጆቹ ሳቁ። «ማሲንቆህ ተኝቷል፣ ቀስቅሰው!» አለ አንዱ። ደሳለኝ ጭራውን በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፣ እኔን። ያው ቅድም የቀለደው ልጅ «ኧረ ቅቤ ተቀብቷል! ማሲንቆው ሊዳር ነው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

መምህሩ ግን አልሳቀም። «ሙጫ አለህ?» አለው። ደሳለኝ ከኪሱ አውጥቶ ፈተገው፤ ሙጫውና ቅቤው ተያይዘው ጭቃ ሆኑ። እኔ ሮጥኩ። ዘይነባ ሱቅ ገብቼ «ሳሙና!» አልኳት። ምን ሆንሽ አላለችኝም፤ ሳሙናና አንድ ጆግ ውኃ ይዛ አብራኝ ሮጠች። ልብ በሉ፣ የሚፈተነው የራሷም ልጅ ነው። በረንዳው ላይ ተንበርክከን ሁለታችን ጭራውን አጠብነው። ታጠበ፤ ግን የረጠበ ጭራም አይጮኽም። መምህሩ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ። «ዛሬ ስም ካልላክሁ እቀጣለሁ» አለ በዝግታ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለና ገባ። የተጻፈው ስም ኑሩ ነበር።

ደሳለኝ ከፊቴ ቀድሞ ቤት ገባ። ማሲንቆውን ጆንያ ውስጥ ከቶ ቆጥ ላይ ወረወረው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ መምህሩ ከተከራያት ቤት ሄድኩና እግሩ ላይ ወደቅሁ። ገና ወጣት ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን።

«ይነሡ እናት፣ ኧረ ይነሡ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ!»

«ልጄ ከሆኑ ልጄን ያድኑልኝ። የኑሩን ስም ሰርዘው የእሱን ያስገቡ።»

«ስሙ ሄዷል እኮ።»

«ደብዳቤ ይጻፉ፣ ታመመ ይበሉ! ዋሽንት ማንም ይነፋል። እናቱ ደግሞ ሱቅ አላት፣ ዘመድ አላት፣ ልጇን የምታሸሽበት አታጣም። እኔ ምን አለኝ? ባሌን በልተውብኛል፣ ያለ እሱ ማን አለኝ?»

ብዙ አለቀስኩ። ድምፄ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እሱም ዓይኑ እንባ ሞልቶ «አልችልም» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዘይነባ ሱቅ አልደረስኩም። ጨው እንኳ ከላይኛው መንደር ነበር የምገዛው። ከፊት ለፊቷ ቅቤዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ዓይኗን አላይም።

ከሳምንታት በኋላ ቡድኑ ለአንድ በዓል ወደ ደብረ ማርቆስ ተጠራ። «ለሦስት ቀን» ተባለ። ከበሮው፣ ክራሩ፣ ልጆቹ፣ መምህሩም መኪና ላይ ወጡ። ሁሉም አዲስ የደንብ ልብስ ለብሰዋል። ኑሩ ከኋላ ተቀምጦ ዋሽንቱን እየነፋ ኩርባውን ሲያልፍ ሕፃናቱ መኪናውን እየተከተሉ ጨፈሩ። እኔ መደቤ ላይ ተቀምጬ ቅናት አንጀቴን ቆረጠው። «እነዚህ ዳኑ» አልኩ በልቤ፣ «የእኔ ብቻ ቀረ።» በዚያው ሳምንት ደሳለኝን ከደብረ ወርቅ ማዶ ወዳለው ወንድሜ ላክሁት። በእግሩ ሄደ፣ በቆላው በኩል። እዚያ እያረሰ፣ ሲመጡ ገደል እየወረደ፣ ያ ዘመን እስኪያልፍ ቆየ።

ቡድኑ ግን በሦስት ቀን አልተመለሰም። በወርም አልተመለሰም። «ለሠራዊቱ እንዲጫወቱ ወደ ላይ፣ ወደ ጦር ግንባር ተልከዋል» ተባለ፤ ከዚያ የሚባል ነገርም ጠፋ። ስማቸው ለብቻ መያዙ እውነት ነበር፤ አንድ ላይ ለመውሰድ ቀለለ እንጂ። ከበሮ መቺው ብቻ ዘመን ሲለወጥ መጣ፤ ኑሩን የት እንደተለየው አያውቅም። ሞተ የሚል ሰው ስለሌለ ዘይነባ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ለቅሶ ስላልተቀመጠች እኔም ለመሄድ ምክንያት አጣሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ልጄን ይዤ እንዴት ፊቷ ልቁም? ያ መምህር ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ እኮ መኪናው ላይ ያለው የእኔ፣ በሱቁ ደጅ የሚስቀው የእሷ ነበር። እንዲህ እያልኩ ከቁይ ወጣሁ፤ እንዲህ እያልኩም አረጀሁ።

ረቡዕ ሄድኩ። መንገዱ ዘንድሮ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ስለሆነ ደሳለኝ ሁለት ጊዜ ደውሎ አጣርቶ ነው ሚኒባስ ላይ ያወጣኝ። ሱቁ ቆርቆሮው ተለውጧል፣ በሩ ግን ያው ነው። የሴት ልጇ ልጅ ትሸጣለች፤ ዘይነባ ከጓዳው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። «ሙጫ አለ? ለማሲንቆ» አልኩ ለልጅቱ።

«ጥሩዬ ናት» አለች ዘይነባ ከወንበሯ ሳትነሣ። «ድምፅሽ አላረጀም። ማን ሊጫወት ነው?»

«የደሳለኝ ልጅ። ትምህርት ቤት ሊፈትኗት ነው።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«ደግ» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ስኳር ውድነት፣ ስለ መንገዱ አወራን። ይቅር በይኝ ለማለት ስንት ዓመት የያዝኩት ቃል ነበረ፤ ልጀምረው ስል እሷ ቀደመችኝ።

«መምህሩ እግር ላይ የወደቅሽ ቀን እኔ ከበሩ ውጭ ነበርኩ። የኑሩን የደንብ ልብስ ጨርቅ ልሰጠው መጥቼ።»

«ሰማሽኝ?»

«ሱቅ አላት ያልሽውንም ሰማሁ።»

«ዘይነባ፣ እኔ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አዘንኩልሽ። ገብቼ ‹የእሷን ልጅ ውሰደው፣ የእኔን እኔ አውቃለሁ› ልለው እግሬን አንሥቼ ነበር። መልሼ አወረድኩት። ጨርቁን እንዳቀፍኩ እዚያው ቆሜ ‹ያ አላህ፣ እንዳይሰማት› አልኩ። አንቺ ከውስጥ ትለምኛለሽ፣ እኔ ከውጭ እለምናለሁ።» ደህናው ዓይኗ አላነባም፣ ደረቅ ነበር። «እኔን ሰማኝ።»

ልጅቱ ሙጫውን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች። ዘይነባ ተቀበለቻትና ለእኔ ልትዘረጋልኝ ስትል መልሳ ሰበሰበችው። «እጅሽን አምጪ» አለች። ሰጠኋት። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ መዳፌን አሸተተችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። ቅቤ መነገድ ከተውኩ ብዙ ጊዜ ነው። «ንጹሕ ነው» አለችና ሙጫውን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋቻቸው። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እስኪነፋ እንደዚያው ተያይዘን ተቀመጥን።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ ነው። ቤዛ በጓዳ እየተለማመደች ናት፤ ማሲንቆው ይጮኻል፣ ያምራል። ሙጫውን እንኳ በጋዜጣው እንዳለ ነው የሰጠኋት፤ እንጨቱን አልነካሁም። አሁን መጥታ «እምዬ፣ ለነገ ጸልዪልኝ እሺ?» ብላኝ ሄደች። እሺ አልኳት። ተነሥቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆሜያለሁ። ትለፍ ልበል? ትውደቅ ልበል? ስሟን ብቻ እየጠራሁ ነው።